ሰው የሌለበት አውሮፕላን

ሰፈሩ «አብራሪው» ይለዋል እንጂ ሰውየው በዕድሜው አውሮፕላን ላይ ወጥቶ አያውቅም። ሠዓሊ ነው። የሱቅ ማስታወቂያ እየጻፈ የዕለት ጉርሱን ያገኛል፤ ከሥራ መልስ ግን ሳሎኑን ዘግቶ የጦር አውሮፕላን ይሥላል። በድሮው ጦርነት ጊዜ የበረሩትን፣ ክንፋቸው በጥይት የተበሳሳውን፣ ሆዳቸው በጭስ የጠቆረውን። ፍቅሩ ለከት የለውም። ሚስቱ የቀለሙ ሽታ ራሷን ሲያዞራት፣ «ውሽማ ብትይዝ ይሻለኝ ነበር፤ እሷ እንኳ ግድግዳ አታጣብብም» እያለች ታሾፍበታለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ በሩን አንኳኩ። ፀጉር አስተካካዩ ቤት የተሰቀለውን ሥዕሉን አይተው ነው ጠይቀው ጠይቀው የመጡት። በዚያ ጦርነት አብራሪ እንደነበሩ ሲነግሩት ሠዓሊው የሚይዝ የሚጨብጠውን አጣ። ገና ያልደረቀውን አዲሱን ሥዕል አቀረበላቸው።

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት። «አውሮፕላኑስ ቁርጥ እሱን ነው። ልጁስ የት አለ?»

«የቱ ልጅ፣ አባባ?»

«የሚያበረው ነዋ!»

ሠዓሊው አቀረቀረ። የሰው ፊት አይሆንለትም፤ የአብራሪውን ቦታ ሁሌ ባዶ ነው የሚተወው።

«ጓደኛዬ እንዲህ ያለውን ነበር የሚያበረው» አሉ ሽማግሌው። «የመጨረሻው ዕለት ጎን ለጎን ነበርን። ደመና ውስጥ ሊገባ ሲል በመስኮቱ እንዲህ አደረገልኝ» ብለው መዳፋቸውን አነሱ። «በዚያው ቀረ። ፊቱማ ለእኔም ጠፍቶብኛል። እጁ ግን...» ያነሱትን መዳፍ ቀስ ብለው አወረዱ።

ሚስትየዋ በር ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል። እንግዳው እንደሄዱ ወንበር ወደ መስኮቱ ስባ ተቀመጠችና እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

«በል ሣል።»

«አንቺ ደግሞ! የሴት እጅ እኮ ነው።»

«ጣቶቹን ከእኔ ውሰድ፤ ጉልበቱን ከራስህ ጨምርበት። ክንዴ ሳይዝል ቶሎ በል!»

ደጋግሞ ሣለው፤ ደጋግሞ ፋቀው። ሲደክማት ብሩሹን አስቀምጦ ክንዷን ያሽላታል። በዚያ ሁሉ የትዳር ዘመን እጇን እንዲህ ልብ ብሎ አይቶት አያውቅም።

በሳምንቱ ሽማግሌው ሲመጡ በአውሮፕላኑ መስኮት ውስጥ አንድ መዳፍ፣ ፀሐይ አርፎበት፣ ቻው ይላል። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሠዓሊው ሥዕሉን ጠቅልሎ ሊሰጣቸው ሲል ግን እምቢ አሉ።

«ቤቴ ብወስደው ብቻዬን ነው የማየው፣ ልጄ። እየመጣሁ እዚሁ ብታሳዩኝስ?»

«ምን ችግር አለው፣ አባባ! ቤቱ የእርስዎ ነው» አለች ሚስትየዋ፣ ባሏን ቀድማ።

ሳሎኑ ውስጥ የነበሩት ወንበሮች ሁለት ብቻ ስለሆኑ ሦስተኛውን ከጎረቤት ተዋሰች። እስካሁን አልመለሰችም።