ከመኪናዋ ጋር የመጣ ልብስ

የገዛ እጁን ሥራ መልሶ እንዲገዛ የተጠየቀ ሰው ካላያችሁ እኔን እዩኝ። ሥራዬ የመኪና ወንበር ልብስ መስፋት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መኪና አጥቼ አላውቅም፣ የስፌት መኪና። የሚነዳውን ልገዛ መሸጫ አዳራሽ የገባሁት ግን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ለራሴ ሳይሆን ለእህቴ።

እትዬ አዋላጅ ነበረች። የዛሬ ሦስት ዓመት የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ወድቃ ወገቧ ተጎዳና እግሮቿ አልታዘዝ አሏት። ከዚያ ወዲህ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ናት። እናታችን በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ለእሷ ግን ዛሬም ማሙሽ ነኝ። ጢሜ ሸብቶ «ማሙሽ፣ ሹራብህን ደርብ» ስትለኝ ጎረቤት ይስቃል፤ እኔም እደርባለሁ።

የአዋላጆች ማሠልጠኛው አስተማሪ ሆና እንድትገባ ተቀብሏታል። ትምህርቱ የሚጀምረው በወሩ መጀመሪያ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሲሆን ቦታው ከከተማው ወዲያ ማዶ ነው። ታክሲዎቹ ተሽከርካሪ ወንበሩን ሲያዩ እንዳላዩ ሆነው ያልፏታል። ስለዚህ የጉዳት ካሳዋንና ያጠራቀመችውን አሰባስባ አንዲት ትንሽ አዲስ መኪና ልትገዛ ቆረጠች። ከመኪናዋ የሚተርፈው ገንዘብም ቦታው የታወቀ ነበር። ነዳጁንና ፍሬኑን በእጅ የሚያሠራ ዘንግ የሚገጥምላት መካኒክ አግኝታለች። ያለ ዘንጉ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ከቆመ ጌጥ አትለይም።

እኔ እያመላለስኩሽ ምን አስጨነቀሽ ብያት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው አመላልሶኛል፣ አሁን ደግሞ ራሴ ልሂድ አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተከራከርኳትም።

የመሸጫው አዳራሽ ወለል ፊት ያሳያል። የተሽከርካሪ ወንበሩ ጎማ እንዳያቆሽሽባቸው ሰግቼ በመሐረቤ ልጠርገው ጎንበስ ስል እትዬ እጄን መታ አድርጋ አስቆመችኝ። የተቀበለችን ሻጭ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ትሁት ልጅ ናት፤ ጠረጴዛው ሥር ግን ባለ ተረከዝ ጫማዋን አውልቃ አንዱን እግሯን በሌላው ታሻለች። እትዬ ይህን ሳታይ አታልፍም። ቀኑን ሙሉ ያቆሟችኋል እንዴ ብላ ስትጠይቃት ልጅቷ ደንግጣ ጫማዋን ልታጠልቅ ጎንበስ አለች። «ተይው የኔ ልጅ፣ እኔም ብሆን ጫማ የማደርገው ለይስሙላ ነው» አለቻት። ልጅቷ ልሳቅ አልሳቅ ብላ ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ ሁለቱም አብረው ሳቁ።

መኪናዋ ነጭ ናት። በሩን ስከፍት፣ የሙያ ነገር ሆኖብኝ፣ እጄ በቀጥታ ወደ ወንበሩ ሄደ። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ማዕዘኑ ላይ ጨርቁ አልተኮማተረም፣ ክሩም የትም ቦታ አልላላም። የሰው ሥራ እንዲህ በቀላሉ የማላደንቅ ሰው ያን ዕለት አፌ አላርፍ አለኝና ይህን የሰፋ ሰው እጁ ይባረክ፣ እንዲህ ያለ ሰፊ ዛሬ የለም ብዬ ጮክ ብዬ አወራሁ። ሻጯ በጣም ደስ አላት።

ከዚያ ወረቀቱን አመጣችልን። ከላይ ማስታወቂያው ላይ ያየነው ዋጋ አለ። ከሥሩ ግን ማስታወቂያው ያላነሳቸው ሰባት መስመሮች ተደርድረዋል፤ የወንበር ልብስ፣ የእግር ምንጣፍ፣ የመስታወት ማጥቆሪያ፣ አላርም፣ የዝገት መከላከያ ቅብ፣ የቀለም መጠበቂያ ቅባት፣ የሰነድ ዝግጅት። የሰባቱ ድምር የእትዬን ዘንግ ጠራርጎ የሚበላ ነው። ልጅቷ በቃል እንደተጠና ትምህርት ሁሉም ከመኪናው ጋር አብሮ እንደሚሸጥ፣ ይኼ ይቅርልኝ ማለት እንደማይቻል አስረዳችን። ስትጨርስም ወደ እኔ ዞራ ስለ ልብሱ ጥራት ጋሼ ራሳቸው መስክረዋል አለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ለካ ለእኔ ነው።

ንዴቴን ለማብረድ ብዬ ወደ መኪናዋ ተመለስኩና የልብሱን ጫፍ ከወንበሩ ሥር ገለጥ አደረግሁ። ሦስት ቀይ ቋጠሮ አገኘሁ።

እኔ እያንዳንዱን ልብስ የምዘጋው በቀይ ክር፣ በሦስት ቋጠሮ፣ በማይታይ ቦታ ነው። የሌላ ሰው ሥራ የአንተ ነው ተበላሽቷል ተብሎ እንዳይመለስብኝ የያዝኩት ልማድ ነው። ቅድም ጮክ ብዬ ያደነቅሁት ሰፊ እኔው ራሴ ነበርኩ። የምሠራውን በጆንያ በጆንያ የሚወስደው አንድ አቅራቢ ነው፤ እኛ ሰፊዎች ሒሳብ ስንጠይቀው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ ስሙን ትተን «ነገ ና» እንለዋለን። ልብሱን የት እንደሚያደርሰው ነግሮኝ አያውቅም፣ እኔም ጠይቄው አላውቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። ወረቀቱ ላይ ያለው ዋጋ እኔ ከሚከፈለኝ ዘጠኝ እጥፍ ነበር።

ደሜ ፈላ። ግን እውነቱን ልናገር፣ አፌ አልተከፈተም። ከሥራዬ ከሦስት ሁለት እጁን የሚወስደው ነገ ና ነው፤ ደንበኛው ዘንድ ሄጄ እንደተጣላሁ ከሰማ ጉሮሮዬ ተዘጋ ማለት ነው። ልጅቷ ልብሱ ቢነሳ ወንበሩ እንደሚበላሽ ተነግሮናል ስትል፣ ውሸት መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በሌለበት አዳራሽ፣ እኔ አንገቴን ነቀነቅሁ። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

እትዬ ወረቀቱን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «እንግዲህ ዘንጉ ለከርሞ ይሁና» አለች ፈገግ ብላ። «ለጊዜው ማሙሽ ያመላልሰኛል።»

ያችን ፈገግታ አውቃታለሁ። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ሳህን ብቻ ቀርቦ አንቺስ ስላት፣ እኔ በልቻለሁ እያለች የምታሳየኝ ፈገግታ ናት። ያኔ አምናት ነበር። አሁን ግን አላመንኳትም፤ ነገ ናንም ጉሮሮዬንም ረሳሁ።

ተንበረከክሁ። አራት መንጠቆ ከሥር፣ አንድ ዚፕ ከኋላ፣ አንድ ማሰሪያ በጎን፤ ዓይኔን ጨፍኜም አገኛቸዋለሁ። እንደ ሕፃን ልብስ ከእግር ወደ ላይ ነው የሚወልቀው። የመሸጫው ሥራ አስኪያጅ አይቶኝ አዳራሹን አቋርጦ እስኪደርስ የፊቶቹን ሁለት ወንበሮች ገፍፌ፣ ልብሱን አጣጥፌ የመኪናዋ ግንባር ላይ አስቀምጬ ነበር።

«ማን ፈቀደልህ?» አለኝ።

«ይህን የሰፋሁት እኔ ነኝ» አልኩት፤ ቋጠሮዎቹን አሳየሁት። «አይወልቅም ያላችሁት ይኸው ወለቀ። ወንበሩ ምን ሆነ?»

ወንበሩ ምንም አልሆነም። እንደ እኛው ዓይነት ወረቀት የያዙ ባልና ሚስት ጠጋ ብለው አዩ። ባልየው ምንም ሳይናገር ወደ ራሱ መኪና ሄዶ ከወንበሩ ሥር ጎንበስ ብሎ መንጠቆ መፈለግ ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ለልብሱና ለምንጣፉ ግድ የለም፣ የተቀባ ቅብ ግን ተፍቆ አይነሳም አለን።

እትዬ እሱን አልመለሰችለትም። ወደ ልጅቷ ዞረች፤ ምጥ የያዛትን ሴት እንደምታናግር በዝግታ ነበር የጠየቀቻት።

«የኔ ልጅ፣ ይኼ ቅብ ተቀብቷል?»

ልጅቷ አለቃዋን አየች፤ ከዚያ ጠረጴዛው ሥር ያሉትን ጫማዎቿን አየች።

«አልተቀባም እትዬ» አለች። «የሚቀባው ከተከፈለ በኋላ ነው። ቅባቱም፣ ማጥቆሪያውም ገና ናቸው።»

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን አውጥቶ አምስቱን መስመር ሰረዘ። የቀሩት አላርሙና የሰነዱ ናቸው፤ እነሱን ከፈልን። ስንወጣ እትዬ የልጅቷን እጅ ያዝ አድርጋ በጆሮዋ አንድ ነገር አለቻት፤ ምን እንዳለቻት አልነገረችኝም።

በሦስተኛው ቀን ነገ ና ደወለ። ዕድሜ ልኩን ነገ ና ሲለኝ የኖረ ሰው፣ ያን ቀን ከእንግዲህ አትምጣ አለኝ።

ለእትዬ አልነገርኳትም። ጠዋት ሱቄን እከፍታለሁ፣ የስፌት መኪናዬን ዘይት እቀባለሁ፣ ክሮቹን በየቀለማቸው እደረድራለሁ፣ ከዚያ የደረደርኩትን አፍርሼ እንደገና እደረድራለሁ። ማታ ማታ እሷ ዘንድ እሄዳለሁ። ዘንጉ ተገጥሞላት ግቢ ውስጥ ወደ ፊት ወደ ኋላ ትለማመዳለች። ሥራ እንዴት ነው ስትለኝ ሞልቷል፣ ፋታም የለኝ እላታለሁ።

ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሱቄ በር ላይ የመኪና ጡሩምባ ተነፋ። ስወጣ ነጯ መኪና አንድ ጎማዋን የእግረኛ መንገድ ላይ አውጥታ ዘንበል ብላ ቆማለች፤ መሪው ላይ ያለችው እትዬ ናት፣ ብቻዋን። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ለመደበቅም አልሞከርኩም። ልማድ ነውና ተሽከርካሪ ወንበሯን ላወርድ ወደ ኋለኛው በር ሮጥኩ።

«ተወው፣ አልወርድም» አለችኝ በመስኮቱ። «ሥራ ሞልቷል ብለኸኝ አልነበር?»

ሻጯ ትናንት እንደደወለችላት ነገረችኝ። ልጅቷን ከአዳራሹ አንስተው መለዋወጫ ክፍል መድበዋታል፤ እሷም ምንም አላዘነች፣ እዚያ ቢያንስ መቀመጫ አለ ብላለች። ነገ ና እኔን እንደጣለኝ ልጅቷ የሰማችውም እዚያው ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

መሬት መሬቱን አየሁ።

«እኔ በልቻለሁ ማለትን ከማን እንደተማርክ አውቃለሁ» አለች እትዬ። ከዚያ በመስኮቱ አንድ ወረቀት አቀበለችኝ። በልጅቷ እጅ ጽሑፍ፣ የወንበር ልብስ ከሰፊው በቀጥታ የሚገዙ አራት ጋራዦች ከነአድራሻቸው ተጽፈውበታል። «ናሙናህን ያዝና ግባ። ዛሬ የማመላልስህ እኔ ነኝ።»

ናሙናዬን በከረጢት ይዤ፣ ሱቄን ዘግቼ፣ ከመሸጫው ሾፌር ሆኜ ወዳመጣኋት መኪና በተሳፋሪው በር ገባሁ። የተቀመጥኩበት ወንበር ራቁቱን ነበር። የልብስ ሰፊ እህት መኪና እንዲህ ሆና መታየቷ አሳፈረኝና ነገውኑ ልብስ እሰፋልሻለሁ አልኳት።

«እንዳትነካው» አለችኝ። «ልብሱስ የት ሄደ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ወንድሜ ነው የገፈፈልኝ እላቸዋለሁ።»

ከዚያ ዘንጉን ያዘች፤ ከመንቀሳቀሳችን በፊትም ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ።

«ቀበቶህን እሰር ማሙሽ።»

አሰርኩ።