«ላ» የምትለዋ ካርድ

«ታዲያ ‹እምቢ› የሚለው የታለ? እስኪ ያሳዩኝ! ከዚህ ሁሉ ካርድ አንድ ‹እምቢ› ይጠፋል?»

«ውጣልኝ ከክፍሌ!» አሉ እትዬ ዘርፉ።

«አልወጣም!»

ወዬሳ የባጃጅ ስቲከር ቆራጭ ነው። ፍራንኮ ሰፈር ካለችው የሥራ ጥጉ ተነስቶ፣ እጁ ሙጫ እንደተጨማለቀ፣ አረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ ሴቶች አረብኛ የሚማሩበትን ክፍል በር በርግዶ ነው የገባው። እህቱ አያንቱ ትናንት እያለቀሰች መጣች። እሱ አምሽቶ የሠራላትን የቃል ካርዶች አስተማሪዋ እትዬ ዘርፉ ቀምተው መሳቢያ ውስጥ ከተውባታል። «ይሄን ይዘሽ ብትመጪ ሰርተፍኬት የለሽም!» ብለዋታል። ይሄን ሲሰማ ደሙ ፈላ። ለሌላ ነገር ልታለቅስ ትችላለች ብሎ አላሰበም።

የሴትየዋን ካርድ ከጠረጴዛው ላይ አፈፍ አደረገ።

«ይሄ ካርድ ነው ወይስ የሰርግ መጥሪያ? አንድ ወረቀት ላይ ይሄን ሁሉ ቃል ጠቅጥቀው! ‹ሀዲር፣ ነዓም፣ አሲፋ።› እሺ፣ አዎ፣ ይቅርታ። ልትሠራ ነው የምትሄደው ወይስ ጫማ ልትስም?»

«አራተኛ ክፍል ያቋረጥክ ዱርዬ፣ አንተ ነህ ቋንቋ የምታስተምረኝ?»

«ሦስተኛ ነው፤ አያሳድጉኝ። ግን እኔ የለጠፍኩትን አዳማ በሙሉ ያነበዋል። ለምን? ባጃጅ እየበረረ ነዋ የሚነበበው! አንድ ቃል፣ ደማቅ፣ ከጎኑ ሥዕል፣ በቃ። ማዳም ስትጮህባት ይቺ እህቴ መጀመሪያ በአማርኛ አስባ፣ ከዚያ ተርጉማ ነው የምትመልሰው? ሥዕሉን እንዳየች ቃሉ ራሱ ከአፏ መውጣት አለበት። የሳተችው ካርድ ደግሞ ተመልሶ ከላይ ይሆናል፣ እስክትጠግበው ድረስ!»

መሳቢያውን ጎትቶ ከስቲከር ካርቶን የቆረጣቸውን ካርዶቹን ዘርግፎ አወጣ። አንዱን ለተማሪዎቹ ከፍ አድርጎ አሳየ። ሆዷን ይዛ የተጣጠፈች ልጅ ናት።

«መሪዳ! አሞኛል!»

ሌላ አነሳ፣ ፓስፖርት የተሣለበት። «ጀዋዚ! ፓስፖርቴን!»

ሦስተኛው ላይ የወርቅ ጥርስ ያላት፣ አገጯ ሹል የሆነ ሴት ተሥላለች። «ካዛባ! ውሸታም!»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እትዬ ዘርፉ የወርቅ ጥርሳቸው እንዳይታይ ከንፈራቸውን ግጥም አደረጉ።

«እኔን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እጄ ነው የሣለው።»

«ስማ፣ አንተ ባለጌ!» ጣታቸውን አፍንጫው ሥር ቀሰሩ። «‹እምቢ› የምትል ሠራተኛ የሚፈልግ ማዳም የለም። ይሄን ተምራ ከሄደች በሳምንቷ ነው የሚመልሷት። ያኔ በየሻይ ቤቱ የምታወራላትን ባጃጅ ማን ይገዛልሃል?»

ተማሪዎቹ ሳቃቸውን ዋጡ።

እውነት ነው፣ ባጃጇ በወዬሳ ሐሳብ ውስጥ ተገዝታ አልቃለች። መስታወቷ ላይ የሚለጠፈው «ሁሉም በአያንቱ» እንኳን ተቆርጦ ተቀምጧል። አያንቱ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋበትን ሥራ ትታ አረብ አገር መሄድ አልፈልግም ብላ ስትነጫነጭ ነበር የከረመችው። ማታ ማታ ስትጀምር እሱ ሙዚቃውን ከፍ ያደርጋል። ሴት ልጅ መጀመሪያ ትነጫነጫለች፣ ኋላ ትለምደዋለች። የፓስፖርቱን ፎቶ ይዟት ሄዶ ያስነሳትም እሱ ነው። ቢሆንስ? ባጃጅ አማረው ማለት እህቱን ማንም ይርገጣት አለ ማለት ነው? ጭራሽ ይሄ ሁሉ ካርድ የተቆረጠው ለማን ሆነና! ንዴቱ አናቱ ላይ ወጣ።

«አያንቱ! ተነሺ!»

ከኋላ ወንበር ተነሳች። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች።

«ወዬሳ፣ ተወኝ በናትህ…»

«አልተውሽም! ነይ ወደዚህ። ለእሳቸው አሳዪያቸው!» ካርዶቹን በትኖ አንዷን አወጣ። መዳፏን ወደ ፊት የገተረች ልጅ ናት፤ ከሥሯ በቀይ አንድ ፊደል ብቻ። ፊቷ ላይ ደቀነባት። «ምንድን ናት ይቺ?»

አያንቱ ፊቷን ከካርዷ አዞረች።

«በይ እንጂ! ከትናንት ወዲያ ስትዪው አልነበር?»

«ላ» አለች፣ ለራሷም በማይሰማት ድምፅ።

«እንዲህ ነው እንዴ እምቢ የሚባለው? ይሄ የማን ጆሮ ውስጥ ይገባል? ጩኺበት! ሰው እስኪሰማሽ ጩኺ!»

አያንቱ ቀና አለች። ካርዷን ከእጁ ነጠቀችና ደረቱ ላይ ገጭ አደረገችለት።

«ላንተ በአማርኛም እምቢ ብዬሃለሁ፣ በኦሮምኛም እምቢ ብዬሃለሁ» አለች። «በየትኛው ሰማኸኝ?»