እናቴን ያመጣው ትንበያ

ባሌ መርዋን ጋዜጠኛ ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ግን ኮሎምበስ ዳር፣ ኦቤትስ ካለው መጋዘን የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ነድቶ ነው። ጋዜጠኛ የሚሆነው ቅዳሜ ከሰዓት፣ መኝታ ቤታችን ያለው የልብስ ክሎዜት ውስጥ ገብቶ፣ በቀሚሶቼ መካከል ስልኩን አቁሞ በኢንተርኔት ዜና ሲያስተላልፍ ነው። ልብስ ድምፅ ያጠራል ይላል። ስድስት ሺህ ተከታይ አለው፤ እኔን የሚያውቀኝ ጥቂት ነው፣ ቀሚሶቼን ግን ሁሉም ያውቃቸዋል።

ባለፈው ኤፕሪል፣ ሀሪኬን የሚባለው የባሕር ማዕበል ወቅት ሊገባ ገና ሁለት ወር ሲቀረው፣ የአሜሪካ ቴሌቪዥኖች ትንበያውን ያወሩ ጀመር። ዘንድሮ አሥራ ሰባት ማዕበል ይጠበቃል፤ የባሕር ዳርቻ ሰዎች ከአሁኑ ተዘጋጁ የሚል ነበር። ደግ ምክር ነው። መርዋን ግን ርዕስ እንጂ ከርዕስ በታች ያለውን የማንበብ ትዕግሥት አልፈጠረበትም። ቅዳሜ ክሎዜቱ ውስጥ ገባና አሥራ ሰባት ሀሪኬን ወደ ፍሎሪዳ እየመጣ ነው ብሎ ሰበር ዜና አወጀ። "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" የሚለውንም ጨመረበት።

እኔ ስለ ትንበያው የወጣውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቤው ነበር። አሥራ ሰባት የተባለው ለመላው አትላንቲክ ውቅያኖስ ነው። ብዙዎቹ ባሕር ላይ ተነስተው እዚያው ባሕር ላይ ይቀራሉ፤ የትኛው የት እንደሚደርስ በኤፕሪል የሚያውቅ የለም። ከክሎዜቱ ሲወጣ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ያኔ ስልኬ ጠራ።

እናቴ ነበረች። እናቴ ፋንቱ ፍሎሪዳ፣ ቴምፓ ውስጥ ከወንድሜ ከጁነዲን ጋር ትኖራለች። እኛ ያለንበት ኮሎምበስ መጥታ ከእኔ ጋር እንድትኖር ሦስት ዓመት ሙሉ ለምኛታለሁ። መልሷ አንድ ነው፦ የወንድ ልጅ ቤት የራስ ቤት ነው፣ የአማች ቤት ግን እንግድነት ነው፤ ወንድ ልጇን ትታ አማቿ ላይ ተቀመጠች ከምባል ሞቴን እመርጣለሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ መጥታ ሁለቱንም ጊዜ በአራተኛው ቀን ሄዳለች። አሁን ግን አማቼ የተናገረውን ሰማሁ፣ ቲኬት ቁረጪልኝ አለችኝ። እኔም ዐይኔን በጨው አጥቤ፣ አዎ እማ፣ ነገሩ በጣም ያስፈራል አልኳት።

በሳምንቱ መጣች። ኤርፖርት መኪና ውስጥ ቀበቶዋን ሳታስር፣ ወቅቱ ኅዳር ላይ ሲያልቅ በማግሥቱ እንደምትሄድ አስታወቀችኝ። ቤት ደርሰን ሻንጣዋን ስከፍት በርበሬ፣ ሽሮና ለልጄ የተገዙ ሦስት ቀሚሶች አገኘሁ። ከማዕበል የሸሸ ሰው ሻንጣ አይመስልም ነበር፤ ግን ደስታዬ ማሰቢያ አልሰጠኝም።

መኝታ ቤታችንን ለቀቅንላት። መርዋን አማቱ የምትተኛበት ክፍል እንዴት ይገባል፤ ስለዚህ ስቱዲዮው ወደ ሳሎን ተዛወረ። እሷም እሱ ሲገባ ሻሿን ታስተካክልና ወደ ጓዳ ትላለች፤ እሱ ፊት አትበላም፤ ሊያናግራት ሲፈልግ በእኔ በኩል ነው። ከዚህ በቀር ግን ቤቴ ቤት ሆነ። ኒው አልባኒ ከምሠራበት መጋዘን ደክሞኝ ስመለስ ልጄን ጸጉሯን ተሠርታ አገኛታለሁ። አያቷ በአማርኛ ትቆጣታለች፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስላታለች፣ ሁለቱም ይስቃሉ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

በአራተኛው ሳምንት እዚያው ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ የሚኖር ዮፍታሔ የሚባል የትራክ ሹፌር ለመርዋን ደወለ። አሥራ ሰባት የተባለው የውቅያኖሱ ነው እንጂ የፍሎሪዳ አይደለም፤ አንተን አምነው ግን ለልጆቻቸው ባሕር ሊያሳዩ የነበሩ ሰዎች ጉዟቸውን እየሰረዙ ነው አለው። መርዋን ያን ቀን ጽሑፉን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ ጓዳ መጥቶ ቅዳሜ ማረሚያ እንደሚያስተላልፍ ነገረኝ።

እስከ ኅዳር እንዲተወው ለመንኩት። ማወቄንም ያኔ ነው የነገርኩት።

"አንቺ ታውቂ ነበር?" አለ።

"አውቅ ነበር። ካረምከው እናቴ ትሄዳለች።"

"ፈርዶሳ፣ እኔም እንድትሄድ አልፈልግም" አለኝ። "ግን ሰው አምኖኛል። አሁን የዋሸሁትን ሳላርም ዝም ካልኩ፣ እውነተኛው ማዕበል ሲመጣ ማን ይሰማኛል?"

ትክክል ስለነበር ተናደድኩ፤ ሁለት ቀን አኮረፍኩት።

ቅዳሜ ሳሎን ተቀምጦ ስልኩን አቆመና የቀጥታ ስርጭት ጀመረ። እናቴ ጓዳው በር ላይ ቆማ ትሰማለች፤ እኔ ደግሞ አንዱን ሰሃን ሦስቴ እያጠብኩ እሷን አያለሁ። መርዋን ሳያስተባብል ተናገረ። ርዕሱን ብቻ እንዳነበበ፣ ቁጥሩ የውቅያኖሱ እንደሆነ፣ ትንበያው ለዝግጅት እንጂ ለሽሽት እንዳልሆነ ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ከስልኩ ላይ የሰዎችን አስተያየት እያነበበ ይመልስ ጀመር። አንዱን ከማንበቡ በፊት ወደ ጓዳው በር ዞር ብሎ አየ። የእናቴ የቴምፓ ጎረቤት እትዬ ማራኪ ናቸው፦ እንግዲያው ማዕበሉ ካልመጣ ፋንቱ ምን ትሠራለች፣ ላኩልን እንጂ ብለው ጽፈዋል።

ሰሃኑን አስቀመጥኩ። እናቴ ሻሿን አስተካከለች። ወደ መኝታ ቤት ልትሄድ፣ ሻንጣዋን ልትስብ ነው ብዬ ነበር። እሷ ግን ሳሎን ገባች፣ ወንበር ሳበችና ከአማቿ አጠገብ፣ ስልኩ ፊት ለፊት ተቀመጠች። መርዋን ደንግጦ ተነሳ። ተቀመጥ አለችው፤ በቀጥታ ስታናግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሰማሁ።

"እኔ ቴምፓ ሦስት ወቅት አሳልፌያለሁ" አለች ለስድስት ሺህ ሰው። "ማዕበል ሲመጣ ስንት ቀን ሲቀረው እንደሚነግሩን አውቃለሁ። ሰፈራችሁ ማዕበል ሲመጣ ውጡ ከሚባሉት መሆን አለመሆኑን ዛሬውኑ ጠይቁ። የሚጠጣ ውሃ ይኑራችሁ፣ መድኃኒታችሁ እንዳያልቅ፣ ወረቀታችሁን ላስቲክ ውስጥ አድርጉ፣ መኪናችሁን ቤንዚን ሙሉ። ውጡ ሲሏችሁ ውጡ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኼ ነው። በኤፕሪል ግን ማንም አይሸሽም።"

ወደ ስልኩ እያየች ቀጠለች።

"ስለዚህ እኔ የመጣሁት ነፋስ ፈርቼ አይደለም፤ ልጄ ናፍቃኝ ነው። ጁነዲን ደግ ልጅ ነው፣ ግን በሌሊት ወጥቶ በምሽት ይገባል፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ነኝ። ሰው ምን ይለኛል እያልኩ ሦስት ዓመት ሰበብ አጣሁ። አማቼ ሳያውቅ ሰበብ ሲሰጠኝ አፈፍ አደረግኩት። ማራኪ፣ አሁን የፈለግሽውን በይ።"

እኔ ጓዳ ውስጥ አለቅስ ነበር፤ የምን ማስመሰል። ትንሽ ቆይቶ እትዬ ማራኪ፣ እኔስ ብሆን መቼ ጠፋኝ ብለው ጻፉ። መርዋን ጮክ ብሎ አነበበው። እንዳነበበ ከወንበሩ ወርዶ የእናቴን ጉልበት ሳመ፤ በቀጥታ ስርጭት ላይ መሆኑን የረሳ ይመስለኛል። እሷ አልረሳችም። በአንድ እጇ ራሱን እየዳበሰች ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

"ጁነዲን፣ እያየኸኝ ከሆነ ወፍራሙን ብርድ ልብሴን ላክልኝ። እዚህ በታኅሣሥ በጣም ይበርዳል አሉ።"