የካባው ቸርኬ

አዱኛ መዶሻውን አነሣና ሳይመታ ቆመ። ከኮሶው ዛፍ ላይ የተንጠለጠለው አሮጌ የመኪና ቸርኬ በነፋስ ቀስ እያለ ይዞራል።

«ምን ይጠብቃሉ አባት? ይደውሉ እንጂ! ሕዝቡ ስኳር ሊታደል ነው» አለው ከኋላው የቆመው ካድሬ።

ጥርባ ከተማ አጠገብ ያለችውን ይህችን መንደር ሰው «ካባ» ይላታል። ለአስፋልቱ ድንጋይ ይፈነዳ በነበረ ጊዜ የተቆረቆረች ናት። መንገዱ ሲያልቅ ኩባንያው ያረጀ የድንጋይ መፍጫውን ጥሎ ሄደ። ሠራተኞቹ ግን መሄጃ አልነበራቸውምና በጉድጓዱ ዳር ድንች ተክለው ቀሩ። አዱኛ ያኔ ድማሚት ሊፈነዳ ሲል ቸርኬውን እየመታ ሰው የሚያስጠነቅቅ ነበር፤ ዛሬ የቀበሌው ዘበኛ ነው። ለስብሰባ ሦስት ጊዜ ረጋ አድርጎ ይመታል። የፈንጂው ደወል ግን ሌላ ነው፤ ያለ ዕረፍት ይጣደፋል። እሱን የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ከኮረብታው ጀርባ ወዳለው የቀርከሃ ሸለቆ ይሮጥ ነበር።

ጠዋት ቀበሌውን ሊከፍት ሲመጣ ከመፍጫው ጀርባ ሁለት ካሚዮን ቆሞ አይቷል። በሸራው ሥር ወታደሮች ተኮልኩለዋል። ስኳር በጠመንጃ ታጅቦ የሚመጣበት አገር የለም። አፈሳ ነው፤ ጎረምሳውን ለጦርነት ሊለቅሙ ነው።

ወዲያው ሀብቱ ትዝ አለው፤ የጎረቤቱ የየወርቅውሃ ልጅ። ታላቅ ወንድሙ ዘምቶ፣ የተመለሰው የመርዶው ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ለእናቱ የቀራት እሱ ነው። አዱኛ ሚስቱ ከሞተችበት ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ ምሳው ከየወርቅውሃ ቤት ተቋርጦበት አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ በወጉ አላመሰገናትም፤ ሊናገር ሲል ምላሱ ይተሳሰርበታል። እግዜር ይስጥልኝ ማለት ምን ይከብዳል? ለእሱ ግን ይከብደው ነበር።

መታ። አንድ። ሁለት። ሦስት ብሎ ቢያቆም ሀብቱ ከረጢቱን ይዞ ከተፍ ይላል። ሦስተኛውን መታ፤ እጁን ግን አላቆመውም። አከታትሎ ደበደበው፤ ቸርኬው ጮኸ፤ ጥርባ ማዶ ድረስ ተሰማ።

«ፈንጂ! ፈንጂ!» አለ አንድ ድምፅ ከድንቹ ማሳ።

ካባ ስምንት ዓመት ሙሉ ፈንጂ አልሰማችም፤ እግሯ ግን አልረሳም። ወንዱ ሞፈሩን፣ ሴቷ ድስቷን ጥላ፣ ሁሉም ወደ ኮረብታው ጎረፈ። ወታደሮቹም ነገሩን ሳያጣሩ ከካሚዮኑ ሥር ገቡ። ካድሬው ራሱ በግንባሩ ተደፋ፤ ተነሥቶ አቧራውን ሲያራግፍ መንደሩ ውስጥ ከአንድ ውሻ በቀር ማንም አልነበረም።

«ምን አደረጉ?» ብሎ ጮኸ።

«የለመደ እጅ ነው፣ ጓድ። ሃያ ዓመት እንዲህ ነው የደወልሁት። አረጀሁ፤ ተምታታብኝ።»

ካድሬው አፍጥጦ አየው። አዱኛ ከዚህ ወዲያ ምን እንደሚመጣ አላወቀም፤ እስር ቤቱ አዲስ ቅዳም ከተማ መሆኑን ብቻ ያውቃል።

ቆየት ብሎ ሴቶቹና ሽማግሌዎቹ ብቻ ተመለሱ። ካሚዮኖቹን ከኮረብታው ላይ አይቶ ኖሮ አንድም ጎረምሳ አብሮ አልወረደም። ፊት ፊት የምትመጣው የወርቅውሃ ነበረች። ካሚዮኖቹን አየች፤ ካድሬውን አየች፤ አዱኛን አየች። ነገሩ ገባት።

«አንተ የጃጀህ!» አለች፤ እስከዚያች ቀን አያ አዱኛ፣ አንቱ ስትለው የኖረች ሴት። «ወጤን አሳረርከው! ሰው በድንጋጤ ልትጨርስ ነው?»

«እኔ ላሜ ምጥ ላይ ናት፤ ጥያት ሮጥሁ!» አለች ሌላዋ ጎረቤት ልክየለሽ ከኋላዋ። «እንዲህ ያለ ዘበኛ ምን ያደርጋል?»

ሌሎቹም ተቀበሏቸው። ደንቆሮ አሉት፤ ነሁላላ አሉት። አዱኛ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። በዕድሜው ብዙ ምርቃት ሰምቷል፤ እንዲህ ሆዱን ያባባው ግን አልነበረም። እንዳያቆሙ ለመነ፣ በልቡ።

ካድሬውን መጨረሻ ላይ ሰውየው አሳዘነው።

«ይብቃ እናቶች! ሽማግሌ ናቸው፤ ተሳስተው ነው።»

«አልበቃኝም!» አለችው የወርቅውሃ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። «ገና መች ጠገብሁ!»

ቀርባ የአዱኛን ቀኝ እጅ አፈፍ አደረገች። እያርገፈገፈች መሳደቧን ቀጠለች፤ እጁን ግን አለቀቀችም።