በአማርኛ ተኳርፈናል

1

ሚስተር ግሪን፦ ደህና አደርክ፣ ሚስተር ብራውን? ዛሬ አየሩ ግሩም ነው፣ አይደለም?

ሚስተር ብራውን፦ በእርግጥም ግሩም ነው። ካላስቸገርኩህ ሳሙናውን ልታቀብለኝ ትችላለህ?

ሚስተር ግሪን፦ በታላቅ ደስታ። ይኸውልህ።

ሚስተር ብራውን፦ በጣም ደግ ሰው ነህ።


2

ከላይ ያነበባችኋቸው ሁለት ሰዎች ተኳርፈዋል።


3

እንተዋወቅ። ሚስተር ብራውን እኔ ነኝ። ቤተሰብ ያወጣልኝ ስም ልመንህ ነው፤ ስለዚህ የሚጠራኝ ሰው ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ መጀመሪያ ይለምነኛል። ሚስተር ግሪን እሱባለው ይባላል። የደሴ ልጅ ነው፤ በተደራራቢው አልጋችን ከላይ የሚተኛው እሱ፣ ከታች ሆኜ የካልሲውን ሽታ የምቀበለው እኔ። ሁለታችንም ፍሬሽ ነን፤ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች።

ብራውንና ግሪን ከአንድ አሮጌ የእንግሊዝኛ መለማመጃ መጽሐፍ ነው የመጡት። መጽሐፉ ሽፋን የለውም፤ ማን እንደጻፈው አይጥ ታውቃለች። ሰዎቹ ሥራ ያላቸው አይመስሉም። ሲነጋ የባቡር ትኬት ይቆርጣሉ፣ ሲመሽ ሻይ ይገባበዛሉ፣ በመካከል ስለ ዝናብ ያወራሉ። ጭቅጭቅ አያውቁም።

የተነጋገርነውን እንግሊዝኛ በአማርኛ ነው የምጽፍላችሁ። መለያው ቀላል ነው፦ ሰውየው ከልክ በላይ ትሁት ከሆነ እንግሊዝኛ ነው።


4

ስምምነት

ከአልጋ ከተወረደበት ሰዓት ጀምሮ እስከ እራት በዶርማችን ውስጥ አማርኛ አይነገርም። ማንም ቢመጣ። ምንም ቢፈጠር። አማርኛ ያመለጠው ሰው ውኃ ይቀዳል።

(ቧንቧው ከግቢው ማዶ ነው። ጄሪካኑ ክዳን የለውም።)

«ማንም ቢመጣ» የሚለውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። አሁን የምናገረው እሱባለው ቀድሞ እንዳይነግራችሁ ነው።

ለምን እንዲህ ጨከንን? የእንግሊዝኛ መምህርታችን ትርሲት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» ብላ በእንግሊዝኛ ስትጠይቀኝ ብድግ አልኩና «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ተቀመጥኩ። ክፍሉ እስካሁን ይስቃል። በዚያ ላይ የመጨረሻው የቃል ፈተና በጥንድ ነው፤ ለሁለት ሰው አንድ ውጤት። የእኔ ጥንድ እሱባለው ነው። ከወደቅን ተያይዘን ነው።


5

ጓደኛህን አማርኛ ለማስወጣት የሚረዳ መመሪያ

እግሩን ርገጠው። ይህ ጥሩ አይሠራም፤ «ውይ» አማርኛ ነው ወይስ የሰው ልጅ ሁሉ ቋንቋ በሚለው ላይ ግማሽ ቀን ትከራከራላችሁ። በእንግሊዝኛ።

ሰው ላክበት። የጎረቤት ዶርሙን አንሙትን በሩ ላይ አቁመህ «ዛሬ ካፌ ሥጋ ወጥ ነው» አስብለው። እሱባለው «እውነትህን ነው?» ይላል፤ ውኃ ይቀዳል።

ሌላ ቀን ያንኑ አንሙትን የጥበቃ ካፖርት አልብሰህ፣ ድምፁን አጎርንነህ፣ «መታወቂያ አምጣ» አስብለው። እሱባለው «ይኸው ጌታዬ» ይላል። ይቀዳል።

ከዚያ በኋላ ጓደኛህ የሚያንኳኳውን ሁሉ ይጠረጥራል። አንተ ደግሞ በጣም ብልህ የሆንክ ይመስልሃል።


6

ቅዳሜ ከሰዓት። እኔ ከሕንፃው ጀርባ ልብስ አጥባለሁ። በር ይንኳኳል። እዚያ አልነበርኩም፤ ንግግሩን ከሁለቱም ወገን ሰምቼ ነው የገጣጠምኩት።

ሽማግሌ፦ እንደምን ዋላችሁ። የልመንህ ማደሪያ ይኼ ነው አሉኝ። አባቱ ነኝ።

እሱባለው፦ ጉድ አፍተርኑን፣ ሰር። ሃው ሜይ አይ ሄልፕ ዩ?

ሽማግሌ፦ ልመንህ። ልጄ። የለም?

እሱባለው፦ እንዳለመታደል ሆኖ ሚስተር ብራውን በአሁኑ ሰዓት አይገኙም። እባክዎ ይቀመጡ።

ሽማግሌ፦ (በእጅ የተጠቆመውን ወንበር ያያል።)

እሱባለው፦ ሻይ ይመርጣሉ ወይስ ቡና?*

ሽማግሌ፦ አይ ልጄ፣ መኪናው እንዳያመልጠኝ ነው። ይኼን በሶ ስጥልኝ።

እሱባለው፦ መልካም ጉዞ እመኝልዎታለሁ።

* ሁለቱም አልነበሩንም።


7

የታጠበ ልብሴን ታቅፌ ስመለስ እሱባለው በእንግሊዝኛ እየሳቀ ጠበቀኝ። «እንኳን ደስ አለህ» አለኝ። «የዛሬው ተዋናይህ ድንቅ ነበር። ጋቢው ሳይቀር፣ በትሩ ሳይቀር። የት አገኘኸው?»

አልጋዬ ላይ ከረጢት ተቀምጧል። ቋጠሮውን አየሁት። እናቴ ስትቋጥር ሁለት ጊዜ አዙራ ጫፉን ወደ ውስጥ ነው የምትከተው፤ ሌላ ሰው እንደዚያ ሲቋጥር አይቼ አላውቅም።

እስከ መናኸሪያው ሮጥኩ። መኪናው ሄዷል። ግቢ ከገባሁ ጀምሮ አባቴን አላየሁትም ነበር፤ ያንን ሁሉ መንገድ መጥቶ፣ ሻይ ወይስ ቡና ተብሎ ተመለሰ። መናኸሪያው መሐል፣ ትኬት ቆራጮቹ እያዩኝ፣ አለቀስኩ።

ማታ ከእራት በኋላ፣ አማርኛ ከተፈቀደ በኋላ፣ እሱባለው «ልመንህ» አለኝ። ልብሴን ማጠፍ ቀጠልኩ። «ወጥመድ መስሎኝ ነው» አለ። «ማንም ቢመጣ ያልከው አንተ ነህ» አለ። እዚህ ላይ ዝም ብል ይሻል ነበር፤ እኔ ግን «ከዛሬ ጀምሮ አታናግረኝ» አልኩት። እሱም ኩሩ ነው፤ «እሺ» አለ።


8

ኩርፊያ።


9

ኩርፊያ ከጠብ ይለያል። ጠብ ያልቃል። ኩርፊያ ደግሞ ሁለት ሰው ተስማምቶ፣ ተከባብሮ፣ በትጋት የሚሠራው ሥራ ነው። መጀመሪያ የተናገረ ይሸነፋል። የአኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል ይላሉ፤ እኔ ምሳዬንም እራቴንም በላሁ፣ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ።

በማግስቱ ጠዋት ከላይኛው አልጋ ድምፅ መጣ፦

«ደህና አደርክ፣ ሚስተር ብራውን?»

አሰብኩበት። ፈተናው ደርሷል። እኔ ልመንህ፣ ከእሱባለው ጋር አልነጋገርም፤ ይህ የታወቀ ነው። ሚስተር ብራውንን ግን ማን አስቀየመው? አባቱ እንኳ በሕይወት ይኑር አይኑር መጽሐፉ አይናገርም።

«በጣም ደህና ነኝ፣ ሚስተር ግሪን። አንተስ?»

እንዲህ ተጀመረ። በአማርኛ ተኳርፈናል፤ በእንግሊዝኛ እንነጋገራለን።


10

ኩርፊያው ለእንግሊዝኛችን ያደረገውን ማንም አስተማሪ አላደረገም። ድሮ እራት ደርሶ አማርኛ እስኪፈቀድ እንጠብቅ ነበር። አሁን እራት ቢደርስም ሌላ ቋንቋ የለንም። «መብራቱን አጥፋው፣ ልተኛ» ለማለት፣ «ጥርስ ብሩሼን ማን ነካው» ለማለት፣ «ካልሲህ በክፍሉ ውስጥ ሦስተኛ ሰው ሆኗል» ለማለት ሁሉ መዝገበ ቃላት መግለጥ ግድ ሆነ። ሚስተር ብራውን በመጽሐፉ ያልነበረ ምላስ አበቀለ።

አንድ ቀን ከእራት በኋላ አንሙት ሊያስታርቀን መጣ። ሽማግሌ ለመምሰል መጥረጊያ ተመርኩዞ ነበር።

አንሙት፦ እስቲ ነገሩን አስረዱኝ።

እኔ፦ ለዚያ ሰውዬ ንገረው፣ አልፈልግም።

እሱባለው፦ አንተም ንገርልኝ፣ እኔም አልፈልግም። (ወደ እኔ ዞሮ) ሚስተር ብራውን፣ መስኮቱን ብዘጋው ቅር ይልሃል?

እኔ፦ በፍጹም፣ ሚስተር ግሪን። እንዲያውም ውለታ ትውልልኛለህ።

አንሙት፦ እናንተ እኮ ስታወሩ ነው የምትውሉት።

ሁለታችን፦ በእንግሊዝኛ ነው።

መጥረጊያውን እዚያው ጥሎ ወጣ።


11

አባቴ ስልክ የለውም። የጎረቤት ስልክ ተውሶ ደወለ።

አባቴ፦ ያ ፈረንጁ ልጅ ደህና ነው?

እኔ፦ የምን ፈረንጅ?

አባቴ፦ በር የከፈተልኝ ነዋ። ለካ ፈረንጅም እንደኛ ጠይም አለው። ንግግሩ አልገባኝም፤ ተቀመጥ ማለቱን ግን በእጁ አወቅሁት። እንዴት ያለ የታረመ ልጅ ነው።

እኔ፦ አባዬ፣ እሱ እኮ…

አባቴ፦ አሳዘነኝ። ከእናቱ ርቆ፣ የሚያዋራው ሰው እንኳ የለው። በሶውን አካፈልኸው?

እኔ፦ አልቀመሰም።

አባቴ፦ ነውር ነው። እንግዳ አይደል? አካፍለው። «አባቴ እንደምን ከርመሃል ልጄ ብሎሃል» በልልኝ። አደራ።


12

እውነቱን ለምን አልነገርኩትም?

በመንደራችን ፈረንጅ በር ከፍቶ ያስገባው፣ ወንበር ያቀረበለት ሰው አባቴ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሳይቀር አውርቶታል። «የደሴ ልጅ ነው፤ ተዋናይ መስለኸው ነው በእንግሊዝኛ ያናገረህ» ብዬ ያንን ክብር ከእጁ ልንጠቀው? አፌ እንቢ አለኝ። እንዳያውቅ እፈራለሁ፤ አሁንም ስጽፈው ፊቴ ይሞቃል።

የቀረው አደራው ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። ሰላምታ የተላከበት ሰው ሳያደርስ ቢተኛ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ለዚያውም የተላከው በአማርኛ ነው፣ የተላከለት ሰው ደግሞ በአማርኛ የማላናግረው።


13

ሚስተር ብራውን፦ ሚስተር ግሪን፣ በሶ ትፈልጋለህ?

ሚስተር ግሪን፦ በጣም አመሰግናለሁ። (ወሰደ። ቀመሰ።) ይህ በሶ… የአባትህ ነው?

ሚስተር ብራውን፦ አዎን። አባቴ ሰላምታውን ያቀርብልሃል።

ሚስተር ግሪን፦ (ለረጅም ጊዜ ያኝካል።)

በመጽሐፉ ውስጥ ይቅርታ የሚጠየቅበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ምዕራፍ አሥራ ሁለት፣ «በአውሮፕላን ማረፊያ»። እሱባለው በሶውን አስቀመጠ፣ ከአልጋው ወረደ፣ ፊት ለፊቴ ቆመና በቃሉ ተወጣው፦

«ክቡራን መንገደኞች፣ ለደረሰው መጉላላት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ዓይኑ ቀልቷል። የመንገደኛው መልስ የእኔ ነው፤ አውቀዋለሁ።

«እስከ መቼ ነው የምንጠብቀው?»

«ተጨማሪ መረጃ ሲደርሰን እናሳውቃለን» አለና ወደ አልጋው ወጣ።

አባቴ ያለው ግን «ሰላምታዬን አቅርብ» አይደለም። «እንደምን ከርመሃል ልጄ» ነው ያለው። አደራው እኔው ጋ ቀረ።


14

 

 

(14 የለም። በዚያ ቀን በየትኛውም ቋንቋ አልተነጋገርንም።)


15

በፈተናው ቀን መምህርት ትርሲት ካርድ አስወጣችን፦ «ለብዙ ጊዜ ሳይነጋገሩ የቆዩ ሁለት ጓደኞች ይገናኛሉ።»

አንሙት ከኋላ ወንበር ሆኖ በሳቅ ሲታነቅ ሰማሁት።

ያልነውን አልጽፈውም። ብቻ ስንጨርስ መምህርት ትርሲት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ይህን ያህል ትወና ከየት አመጣችሁት?» አለች። አለፍን፣ ለዚያውም ከክፍሉ አንደኛ ሆነን።

ከዚያ በኋላ ነው የከፋው። ፈተናው ስላለቀ እንግሊዝኛ የምንናገርበት ምክንያት የለም። ብራውንና ግሪን ሥራ ፈቱ። ጠዋት ነቅቼ ከላይ «ደህና አደርክ» የሚል ድምፅ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። እንዲመጣ ፈልጌ ነበር። ካልሲው ራሱ ናፈቀኝ፤ እዚያው እያለ። የዕረፍቱ ጊዜ ደርሶ ሁለታችንም ሻንጣ እያስተካከልን ነው፤ እሱ ወደ ደሴ፣ እኔ ወደ ገጠር። እንዲህ ከተለያየን ቀጣዩን ሰሚስተር ሌላ ዶርም ይጠይቃል ብዬ ፈራሁ።

መጀመሪያ የሚናገር ይሸነፋል። ሁለታችንም እየተሸነፍን ነበር፣ ዝም ብለን።


16

በር ይንኳኳል።

ለበሩ የሚቀርበው እሱባለው ነው። ከፈተ።

አባቴ ነው። ሻንጣዬን ሊያግዘኝ መጥቷል። ጋቢው፣ በትሩ፣ ሁሉም ያኔ እሱባለው እንዳለው። እሱባለውን ሲያይ ፊቱ በራ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እጁን ዘረጋ።

«ጉድ አፍተርኑን፣ ሰር። ሃው ሜይ አይ ሄልፕ ዩ?»

ሰዓቱ ጠዋት ነበር።

ያንን አንድ ጊዜ የሰማውን ቃል በቃል ይዞት ከርሟል። መንገድ ላይ እንዳይጠፋው መኪናው ውስጥ ከማንም ጋር ሳያወራ ነው የመጣው። ብቻውን ለከረመው፣ የሚያዋራው ላጣው ልጅ፣ በገዛ ቋንቋው አንድ ነገር ሊለው።


17

እሱባለው የአባቴን የተዘረጋ እጅ አየ።

በአማርኛ ቢመልስ አባቴ ያን ቀን የሆነውን ያውቃል። በእንግሊዝኛ ቢመልስ ደግሞ ዳግመኛ ያታልለዋል፤ አሁን ወጥመድ መስሎኝ ነው አይልም።

ወደ እኔ ዞረ። ያን ሁሉ ጊዜ ያልጠራውን ስሜን ጠራ፣ በሹክሹክታ፣ በጥሩ የደሴ አማርኛ፦

«ልመንህ። ምን ልበላቸው?»


18

ባዶውን ቦታ ሙሉ። ቶሎ በሉ፤ የአባቴ እጅ እንደተዘረጋ ነው።

ልመንህ፦ ……………………………………