በዳዊት ውስጥ የታጠፈች ወረቀት

እና ያኔ ክረምት ነበር ወይስ በጋ ትላለች ጠያቂዋ ልጅ፣ ልጃቸው ናዝራዊት መጀመሪያ የታመመች ጊዜ ማለቷ ነው፣ ወንዳፍራሽ ግን የሚሰማው ሌላ ነው፣ ከጓዳ የጀሪካኑ ክዳን ሲከፈት ይሰማዋል፣ ሉሲ ናት፣ ትንሿ፣ አራት ዓመቷ ነው፣ ራሷ ቀድታ ትጠጣለች፣ ይሄ ሦስተኛው ኩባያ ነው፣ ከቁርስ ወዲህ ሦስት፣ በስመ አብ። ሙቀቱ ነው። የሚያዝያ ፀሐይ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ማንን አያስጠማም፣ ሙቀቱ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን። ክረምት መግቢያ ነበር፣ ይላል ጮክ ብሎ፣ የሰኔ ሚካኤል ማግስት ነው አዙሯት የወደቀችው፣ ከታመመች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፣ ሰባት ዓመቷ ነበር ያኔ።

ሰኔ፣ ትላለች ጠያቂዋ ወርቅቱ፣ ታብሌቷን በጣቷ ትነካለች። ልጆችን የስኳር በሽታ ከምን እንደሚይዛቸው፣ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ሰፈር እንደሚበዛ የሚያጠኑ ሰዎች ናቸው የላኳት፣ ሰበታን ጨርሰናል ብላለች ገና ስትገባ፣ ቡራዩን እንዳበቃን ሱሉልታ እንሄዳለን። ሱሉልታ ስትል ዓይኑ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለችው የዳዊት ማኅደር ሄዷል። ማንም አላየውም። ጎረቤቱ ኦቦ ዱቤ ቤቱን ሊያሳዩዋት መጥተው በሩ አጠገብ ዱካው ላይ እንደተቀመጡ ቀርተዋል፣ በሽታው የሌለበት ቤትም ለማመሳከሪያ ይጠየቃል ተብሎ እሳቸው ትናንት ተጠይቀዋል፣ እኔ እኮ ወንዳፍራሽ፣ ይላሉ፣ ጤነኛ ተብዬ ተመዝግቤያለሁ፣ ለሚስቴ ብነግራት ልጅቷ ዓይኗን ያማታል እንዴ አለችኝ። የወንዳፍራሽ ሚስት ውብአየሁ ምስር እየለቀመች ትስቃለች፣ እንዲህ ከልቧ ስትስቅ ብዙ ጊዜ አይሰማም፣ ሳቂ፣ ይላል በሆዱ፣ ሳቂ የኔ እመቤት፣ ጥያቄው ገና አላለቀም።

ጡት እስከ ስንት ወሯ ጠባች። የላም ወተትስ መቼ ጀመረች። ከየት ነበር የሚመጣው። ከኦቦ ዱቤ ላም ነዋ። ኧረ ልጄ፣ ላሜን ደግሞ ልትከሻት ነው፣ እሷም እንደኔ ጤነኛ ናት፣ ይላሉ ኦቦ ዱቤ፣ ወርቅቱ በኦሮምኛ የሆነ ነገር መልሳ ታስቃቸዋለች፣ ከዚያ ወደ እሱ ዞራ፣ ምክንያቱ ገና አይታወቅም ጋሼ፣ ከወተት ይሁን፣ ከጉንፋን ይሁን፣ በዘር ይሁን፣ ቢታወቅማ እኔን ምን አመጣኝ።

አይታወቅም ትላለች። እሱ ያውቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያውቅ ኖሯል፣ ጠዋት ጠዋት ብየዳ ቤቱን ሳይከፍት ፀሎቱን አድርሶ፣ የናዝራዊት መድኃኒት የተቀበረባትን ማሰሮ አውጥቶ አሸዋዋን ውሃ ሲያጠጣ ያውቃል፣ ፍሪጅ የለም፣ ኢንሱሊኑ እንዳይሞቅ እርጥብ አሸዋ ውስጥ አኑሩት ብለዋቸዋል፣ ማጠጣቱን ለማንም አይሰጥም፣ ውብአየሁ እኔ ላድርገው ስትለው የለም ይላታል፣ ልጁን ወዳድ ነው ይሉታል ጎረቤት፣ አሸዋውን ያጠጣል፣ አሸዋ ጠጥቶ ዝም ይላል፣ አሸዋ ድገመኝ አይልም። ያንን ልጅ ግን።

አይደለም። አሁን አይደለም። አቤቱ ጌታዬ አሁን አይደለም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እያለች ነው ወርቅቱ፣ ገና ያልታመመ ልጅ ደሙ ተመርምሮ በሽታው ወደ እሱ እየመጣ መሆኑን ቀድሞ ማወቅ ይቻላል፣ ግን መመርመሪያው ጥቂት ነው፣ ስለዚህ በዚህ ዙር ሁለት ልጆች የታመሙበት ቤት ብቻ ነው ታናናሾቹን የምንመረምረው፣ አንድ ብቻ ከሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆያል። እኛ ጋ አንድ ናት፣ ትላለች ውብአየሁ፣ ተመስገን፣ እሷው ትበቃናለች። እሺ፣ ትላለች ወርቅቱ፣ ጥያቄ ሃያ ሦስት፣ እዚህ ቤት ታሞ የሞተ ልጅ ነበር ወይ።

ውብአየሁ የያዘችውን ምስር ሰፌዱ ላይ ትመልሳለች።

ነበረን፣ ትላለች ሚስቱ፣ በኩሬ ቢንያም፣ በስድስት ዓመቱ፣ ሰባት ዓመት ሆነው፣ ምች መቶት ነው። ምች። ያንን ቃል ማን ሰጣት፣ እሱ ነው የሰጣት፣ አስከሬኑን አቅፎ ከመኪና ሲወርድ አንድ ቃል ሰጣት፣ እሷም ተቀብላ ሰባት ዓመት ያዘችው፣ ለቅሶ ለመጣ ሁሉ ምች አለች። ምልክቱስ እንዴት ነበር ትላለች ወርቅቱ፣ ውብአየሁም ወደ እሱ ታያለች፣ እሱ ነው አብሮት የነበረው፣ ጸበል ወስዶት፣ እኔ ናዝራዊትን ታቅፌ ቤት ነበርኩ፣ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር።

ንገራት እንጂ።

ምን ብሎ። ክስት አለ፣ አልጋ ያረጥብ ጀመር፣ የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ አልጋ ያረጥባል፣ ጓደኞቹ ሰሙበት፣ ውሃ እንደ ጥጃ ይጠጣል፣ ስለጠጣ ነው የሚያረጥበው አለ ወንዳፍራሽ፣ ጥበቡ ይሄ ነበር፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ጀሪካኑን ቁም ሣጥን ከተተው፣ ቁልፉን ኪሱ አደረገው፣ አባዬ ትንሽ፣ የለም ጀግናዬ፣ ነገ፣ ወንድ ልጅ ይችላል። ሰው ለልጁ ክፉ አስቦ አይደለም። ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ያቺ ነጭ የለበሰች ልጅ ጣቱን ወግታ መለኪያውን አየችና ፊቷ ተለወጠ፣ ስኳሩ ከልክ በላይ ነው፣ ሆስፒታል ውሰደው፣ ነገ አይደለም ዛሬውኑ፣ ወረቀት ጽፋ ሰጠችው፣ በእንግሊዝኛ። እሱ የቄስ ትምህርት ነው ያለው፣ ዳዊት ይደግማል፣ ያንን ፊደል አያውቀውም። ግን ያለችውን ሰምቷል። ሰምቶ በልቡ ሳቀባት፣ ስኳር የሀብታም በሽታ ነው፣ ቦርጫም ነጋዴ ነው ስኳር የሚይዘው፣ የብየዳ ሠራተኛ ልጅ፣ አጥንቱ የሚቆጠር ሕፃን፣ ምን በልቶ፣ ይቺ ልጅ ትናንት ተመርቃ ዛሬ ትለማመድብኛለች። ወረቀቷን አጥፎ ዳዊቱ ውስጥ ከተታት። ቤት ሲመጣ ምን አሉህ አለችው ውብአየሁ። ምንም የለበትም ብለዋል፣ ጸበል እወስደዋለሁ፣ ሰባት ቀን።

የጸበሉ መነኩሴ፣ አባም ጠይቀውታል፣ ሱሉልታ ተራራው ላይ፣ ልጁን ትክ ብለው አይተው ሐኪም አይቶታል ወይ አሉት፣ ሐኪም ያዘዘው ካለ እሱን ሳታቋርጥ ነው የምታጠምቀው፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ነው። አይቶታል አባቴ፣ ምንም የለበትም ብለዋል። ለሚስቱ የዋሸውን ለመነኩሴው ደገመው፣ መስቀል ተሳልሞ ደገመው። በባዶ ሆድ ነው የሚጠመቀው፣ እስከ ስድስት ሰዓት ውሃም አይቀመስም፣ ለሕፃን እንዲህ አይጠብቅም ያሉት ነበሩ፣ እሱ ግን አጠበቀው፣ አንዲት ባልቴት በጣሳ ውሃ ይዛ መጥታ ልጁ ከንፈሩ ደርቋል አንተ ሰው አለችው፣ ተይው እናቴ፣ ስእለት አለበት። አራተኛው ቀን ትንፋሹ የበሰበሰ ፍሬ ፍሬ ሸተተ። አራተኛው ቀን።

ጋሼ፣ ትላለች ወርቅቱ። ካላስታወሱ አላውቅም ብዬ ልለፈው።

እለፈው። አላስታውስም በል፣ አንድ ቃል ነው፣ ትተወዋለች፣ ሻይ ጠጥታ ትሄዳለች፣ ውብአየሁም ምስሯን ትለቅማለች። የንስሐ አባትህም አያውቁም፣ ለእሳቸው ያልነገርከውን ለታብሌት ልትነግር ነው። ሚስትህ ትተውሃለች። ሂድ ትልሃለች፣ ልጄን ገደልከው ትልሃለች፣ ልክ ናት። እና ሉሲ፣ ሉሲ ሙቀቱ ነው፣ መለኪያው እኮ መደርደሪያው ላይ አለ፣ የናዝራዊት፣ ሦስት መመርመሪያ ወረቀት ቀርቶታል፣ ትናንት ሦስቴ እጁን ሰዶ ሦስቴ መልሷል፣ የማያውቁት ነገር አይገድልም ይባላል፣ እሱ ግን ያውቃል፣ ያላወቁት ነው የሚገድለው። እግዚኦ። እግዚኦ። እግዚኦ።

አባዬ፣ ትላለች ሉሲ ከጓዳ ወጥታ፣ ባዶ ኩባያ ይዛለች፣ ጀሪካኑ ከበደኝ፣ ቅዳልኝ።

አራት።

ይነሳል። ውብአየሁ ለሉሲ የተነሳ ይመስላታል፣ እሱ ግን ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለችው የዳዊት ማኅደር ይሄዳል፣ ቆዳዋን ይከፍታል፣ ጣቱ ቦታውን ያውቃል፣ ሰባት ዓመት በየቀኑ ሲደግም ያቺን ወረቀት አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያዞረ ነው የደገመው፣ ጫፏ ተበልቷል፣ እጥፋቷ ላይ ልትበጠስ ነው። ወርቅቱ እጅ ላይ ያኖራታል። እቺን አንብቢልኝ ልጄ፣ የቢንያም ናት።

ታነባለች። አንዴ ለራሷ፣ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ፣ ከዚያ ቀና ብላ እሱን፣ ከዚያ ሚስቱን። ያ ረቢ፣ ይላሉ ኦቦ ዱቤ ቀስ ብለው፣ ገብቷቸዋል፣ ባርኔጣቸውን አንስተው ሳይሰናበቱ ይወጣሉ። ምንድነው እሱ ትላለች ውብአየሁ። ስኳር ነበር የኔ እናት፣ ትላለች ወርቅቱ፣ የመጀመሪያውም ስኳር ነበር፣ ሆስፒታል ይወሰድ ይላል። ከዚያ ቶሎ ብላ፣ ሰው ለሰው መድረስ ሲፈልግ እንደሚቸኩለው፣ ሁለት ልጅ ማለት ነው፣ ሉሲን አሁን እመረምራታለሁ፣ ነይ እስቲ ቆንጆ፣ ጣትሽን።

ሉሲን ማን ይያዛት። ናዝራዊት ስትወጋ እሱ ነው የሚይዛት፣ ዛሬ ግን ውብአየሁ ሕፃኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ሁለት እጇን በአንድ እጇ ጨብጣለች፣ እሱን አታየውም፣ ምስሩ መሬት ላይ ተበትኗል። መርፌዋ ጠቅ ትላለች። ሉሲ ታለቅሳለች። መለኪያው ያስባል፣ እሱም ቆሞ ያስባል፣ ጌታ ሆይ ከእኔ ጋር ያለህን ከእኔ ጋር ጨርስ፣ ከእሷ ጋር አይደለም፣ ከእሷ ጋር።

ዘጠና አራት፣ ትላለች ወርቅቱ። ደህና ናት፣ ዛሬ ደህና ናት፣ ከክንዷ የምወስደው ደም ግን ላቦራቶሪ ይሄዳል፣ ውጤቱን እነግራችኋለሁ፣ የሚመጣም ከሆነ ቀድመን እናውቃለን፣ ያኔ ማንም ድንገት አይወድቅም።

ሙቀቱ ነበር። ለካ ሙቀቱ ነበር። ኦቦ ዱቤ የተዉት ዱካ ላይ ይቀመጣል፣ ኩባያዋን ከወለሉ ያነሳል፣ ይነሳል እንደገና፣ ጀሪካኑን ያዘነብላል፣ እስከ አፏ ይሞላታል፣ ተርፎ እጁ ላይ ይፈሳል፣ ጠጪ የኔ ሆድ፣ ጠጪ፣ ሉሲ እያለቀሰች ትጠጣለች።

ወንዳፍራሽ፣ ትላለች ሚስቱ። ስሙን ነው የጠራችው፣ የቢንያም አባት አላለችውም፣ በሰባት ዓመት አንድ ቀን በስሙ ጠርታው አታውቅም። ዓይኗ ኩባያው ላይ ነው።

ሆስፒታል መቼ ውሰደው ብለውህ ነበር።

ዛሬውኑ።

ወርቅቱ ታብሌቷን ደረቷ ላይ ገልብጣ ይዛለች። ከውጭ የሚኒባሱ ረዳት አሸዋ ሜዳ፣ አሸዋ ሜዳ እያለ ይጣራል።

ተራራው ላይ ውሃ ጠይቆህ ነበር።

ጠይቆኛል።

ስንቴ፣ ትላለች ውብአየሁ፣ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጠዋት ተነስቶ፣ አንድም ሳያስቀር መቁጠር ይጀምራል።