የምሥራቁ ተዳፋት

ቱሩን ጉድጓዱን ቆፍራ ስትጨርስ እስከ ደረቷ በረዶ ውስጥ ነበረች። ከሊንገን የባሕር ሰርጥ በላይ ያሉትን ተራሮች በረዶ እየመረመረች ለበረዶ ናዳ ማስጠንቀቂያ ቢሮው መዘገብ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። እስከ አምና አብሯት ይወጣ የነበረው ይንግቬ ጉልበቱ አልታዘዝለት ብሎ ወደ ደቡብ፣ ልጁ ዘንድ ሄደ። ቢሮው ምትክ እንልካለን እንዳለ ነው። ብቻዋን መውጣት እንደሌለባት ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ቢሆንም ትወጣለች።

የጉድጓዱን ግድግዳ ዳሰሰችው። ከላይ ነፋስ የጠቀጠቀው ደረቅ ንጣፍ፣ ከሥሩ እንደ ስኳር የሚፈረፈር በረዶ። ከግድግዳው አንድ ምሰሶ ቆርጣ፣ አካፋዋን አናቱ ላይ አስቀምጣ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። በአሥራ አንደኛው ምት የላይኛው ንጣፍ ሙልጭ ብሎ እግሯ ሥር ወደቀ።

"ማዘር፣ ወርቅ ተገኘ?"

ሁለት ወጣቶች በበረዶ መንሸራተቻ ስኪ ሽቅብ እየወጡ ደረሱባት። የተናገረው ቀይ ጃኬት የለበሰው ነው።

"ወዴት ናችሁ?"

"እዚያ።" የምሥራቁን ተዳፋት አሳያት።

"ዛሬ አይሆንም። ከሥሩ የያዘው ነገር የለም፤ አንድ ሰው ቢረግጠው ይበቃዋል።"

"ማስጠንቀቂያው ግን ከአምስት ሦስተኛ ደረጃ ነው የሚለው።"

"እሱ የትናንቱ ነው። ዛሬ ያየሁትን ገና አልነገርኳቸውም።"

ባለ ቀይ ጃኬቱ ሳቀ። "እንዲህ ከፈሩማ ቤት ቁጭ ብለው ሹራብ አይሠሩም?"

ጓደኛው አፍሮ አቀረቀረ፤ ግን ተከተለው።

ቱሩን አልወረደችም። ቢናድባቸው ቆፍሮ የሚያወጣቸው ሌላ ሰው የለም። አካፋዋን ይዛ፣ ጣቶቿ እየደነዘዙ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀች። ከዚያ ሁለቱም እየጮሁ፣ እየተጠማዘዙ ወረዱ። ምንም አልተነቃነቀም።

"ማዘር! ይኸው አለን!" አለ ባለ ቀይ ጃኬቱ ከታች።

በመትረፋቸው ደስ አላት። ወዲያው ግን፣ ምነው ትንሽ እንኳ በተሰነጠቀ የሚል ሐሳብ ሽው አለባትና በራሷ አፈረች።

ለቢሮው ደውላ "አራት አድርጉት" ብትል፣ "ሰዎች ወርደውበት የለም እንዴ? ሦስት ላይ እናቆየው" አሏት።

በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የቤቷን መስኮት ያንቀጠቀጠ ድምፅ ሰማች። ወደ ተራራው ወጣች። ተዳፋቱ ከዳር እስከ ዳር ወርዷል። የተቀበረ ሰው መፈለጊያ መሣሪያዋን ይዛ የተናደውን በረዶ አሰሰች፤ ማንም አልተቀበረም። ላይ፣ የልጆቹ ሁለት የስኪ ዱካዎች እየተጠማዘዙ መጥተው በረዶው የተገመሰበት ስብራት ጫፍ ላይ ተቆርጠዋል። የስብራቱን ቁመት ለካች፤ ዘጠና ሁለት ሳንቲ ሜትር።

ይንግቬ ጋ ደወለች።

"ወረደ።"

"ማን?"

"ምሥራቁ።"

"ሰው ነበረበት?"

"ማንም አልነበረም።"

"ተመስገን ነዋ!" ከጀርባው የልጆች ጫጫታ ይሰማል። "ቱሩን፣ ምሳ ቀርቦ እየጠበቁኝ ነው። በኋላ ልደውልልሽ?"

"እሺ። ብላ፣ ብላ።"

ስልኩን ኪሷ ከታ የስብራቱን ፎቶ ለማንሳት ተዘጋጀች። ቁመቱ እንዲታወቅ አጠገቡ ሰው መቆም ነበረበት። ዙሪያዋን አየች፤ ከዚያ አካፋዋን በረዶው ላይ ሰክታ ወደ ኋላ ራቅ አለች።